ወደ ፈረስ ስትመለሺ የሚገጥምሽ የኮርቻ ህመም፦ ከዝግጅት እስከ ማገገም

ከዓመታት በኋላ ፈረስ ላይ የምትወጣ ሴት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ትሠራለች። ልጅ ሳለች ግማሽ ቀን ትጋልብ ስለነበር በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች። ማታ መቀመጥ ያቅታታል። ሽንት ሲነካት ያቃጥላታል። ለሰው መንገር ታፍራለች። ከዚያ ወይ ቆዳዋ ሳይድን ደግማ ትወጣለች፣ ወይ እስከ መጨረሻው ትተወዋለች።

እኔም ወልጄ፣ ዘጠኝ ዓመት ቆይቼ፣ ከጅማ በሚወጣው የሰቃ መንገድ ዘመዶቼ ጋ ያለ ፈረስ ላይ ወጥቼ ይኸው ደረሰብኝ። ሦስት ቀን በጎኔ ተኛሁ። በሳምንቱ ሳይሻለኝ ደግሜ ወጣሁና ባሰብኝ። ፈረስ ጀርባው ሲላጥ ገጣባ ሆነ እንላለን። ኮርቻው ይወርድለታል፣ እስኪድን ሳር ይግጣል። ሴቷ ስትላጥ ግን ችላ እንድትቀመጥ ነው የሚጠበቀው። አትቻይ። ከታች ያለውን በቅደም ተከተል አድርጊ።

መጀመሪያ ህመሙ የት እንደሆነ ለዪ

አንዱ ህመም እየተንቀሳቀስሽ የሚለቅ ነው። ሌላው ግልቢያ ካላቆምሽ አይድንም። ቦታው ምክንያቱን ይነግርሻል፦

- የጭን ውስጥና የታፋ ጡንቻ። በማግስቱ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል። ደረጃ ስትወርጂ ትቸገሪያለሽ። ያልለመደ ጡንቻ ነው፤ በራሱ ይለቃል።
- የመቀመጫ አጥንት። ደረቅ ወንበር ላይ ስትቀመጪ ግራና ቀኝ ሁለት ነጥብ ላይ ይጠዘጥዛል። ብዙ ቆይተሻል ወይም ኮርቻው በጣም ደረቅ ነው።
- ከፊት፣ የብልት አካባቢና ከሱ በላይ ያለው አጥንት። ወደ ፊት እየተንሸራተትሽ ነው። ወይ ኮርቻው ወደ ፊት ዘንብሏል፣ ወይ እርካቡ (የእግር መርገጫው) ረዝሟል፣ ወይ አጎንብሰሻል።
- የጅራት አጥንት። ወደ ኋላ ተንጋለሽ ወይም እርካቡ አጥሮ ወደ ኋላ እየገፋሽ ነው።
- ቆዳ። ውሃ ሲነካው ወዲያው ያቃጥላል። ምክንያቱ ፍትጊያ ነው፤ ልብስ፣ ላብ፣ ወይም የሚንሸራተት ኮርቻ።

ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ሊያምሽ ይችላል። ያኔ ከቆዳው ጀምሪ፤ መጠበቅ የማይችለው እሱ ነው።

አሁን መውጣት የሌለባት

እርጉዝ ከሆንሽ ተይው። ከወለድሽ ስድስት ሳምንት ካልሞላሽም ተይው። በኦፕራሲዮን ከወለድሽ ወይም ስፌት ከነበረሽ፣ ስድስት ሳምንቱ ቢያልፍም ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ሳታይሽ አትውጪ። ወደ ታች የሚጎትት፣ የሚወርድ የሚመስል ስሜት ካለሽ መጀመሪያ ተመርመሪ። የሽንት ኢንፌክሽን ካለሽ ሕክምናሽን ጨርሺ።

ደረጃ 1፦ ከመውጣትሽ ሁለት ሳምንት በፊት

በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል።

1. ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ተነሺና ቀስ ብለሽ ተቀመጪ። አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር።
2. መሬት ላይ ተቀምጠሽ የሁለት እግርሽን መዳፍ አገናኚ፣ ጉልበትሽን ወደ ጎን ልቀቂ። 30 ሰከንድ ቆዪ። በእጅሽ አትጫኚው።
3. ሽንት እንደምትቋጥሪ አድርገሽ ከታች ያለውን ጡንቻ ሳቢ፣ አምስት ቁጠሪ፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ። አሥር ጊዜ። ከወለድሽ ይህን አትዝለይ፤ በሶምሶማ ጊዜ ሽንት የሚያመልጣቸው ብዙ ናቸው። በልምምዱ ካልተሻለሽ ሐኪም አማክሪ፣ ሕክምና አለው።
4. የመቀመጫ አጥንትሽን ፈልጊ። ደረቅና ዝርግ አግዳሚ ላይ ተቀመጪ፣ መዳፍሽን ከስርሽ አስገቢ፣ ወገብሽን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዢ። እጅሽን የሚወጉት ሁለቱ ጉብታዎች ናቸው። ፈረስ ላይ ክብደትሽ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። በጅማ በርጩማ አትሞክሪው፤ መቀመጫው ጎድጎድ ተደርጎ የተፈለፈለ ስለሆነ አጥንቱ አይታወቅሽም።

ደረጃ 2፦ ልብስ

አብዛኛው የቆዳ ጉዳት የሚጀምረው እዚህ ነው።

*የውስጥ ሱሪ።* ጥጥ፣ ጠርዙ ወፍራም ያልሆነ፣ ታፋሽን የሚሸፍን ቁምጣ መሰል ቢሆን ይመረጣል። ዳንቴል ያለበት አይሆንም። የተቦጨቀ ላስቲክም አይሆንም፤ ተሰብስቦ ገመድ ይሆንና ይቆርጥሻል።

*ከላይ።* ወፍራምና የሚለጠጥ ታይት ልበሺ። ጂንስ አትልበሺ። የጂንስ ድርብ ስፌት በትክክል በማይፈለገው ቦታ ያልፋል። ታይቱን ገልብጪውና በጣትሽ ዳብሺው፤ በጭን መሀል የሚሻክር ስፌት ካለ ሌላ ፈልጊ። ሰልባጅ ተራ ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ካገኘሽ ግዢው። ከታይቱ ስር ይለበሳል፣ ያለ ሌላ የውስጥ ሱሪ። በደንብ አጥበሽ ፀሐይ ላይ አድርቂው። ቀሚስ መልበስ ልማድሽ ከሆነ ችግር የለውም፤ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ታይቱ ከስር ይኑር፣ ስትቀመጪ ጨርቁን ከመቀመጫሽ ስር ሙሉ በሙሉ አውጪው። የታጠፈ ቀሚስ ላይ መቀመጥ ድንጋይ ላይ እንደ መቀመጥ ነው።

*ጡት ማስያዣ።* የስፖርት፣ ጠበቅ ያለ። ጡትሽ ሲንገላታ ሳታውቂው ታጎነብሻለሽ። ስታጎነብሺ ደግሞ ክብደቱ ወደ ብልትሽ ይሄዳል።

*ወር አበባ ላይ ከሆንሽ።* የሞዴስ ጠርዝ ይፋቃል። ቀጭኑን ተጠቀሚ፣ ከመውጣትሽ በፊት ቀይሪ፣ ግልቢያውንም በግማሽ ቀንሺ። የመጀመሪያ ቀንሽ ግን በወር አበባ ጊዜ ባይሆን ይሻላል።

*ፀጉር።* መላጨት ልማድሽ ከሆነ ከግልቢያው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ጨርሺ። ትናንት የተላጨ ቆዳ ላይ ላብና ፍትጊያ ሲጨመር ብጉንጅ ያወጣል። በመቀስ ማሳጠር ከመላጨት የተሻለ ነው።

*ቫዝሊን።* ከመውጣትሽ በፊት በጭንሽ ውስጠኛ ክፍልና መቀመጫሽ ከጭንሽ በሚገናኝበት መስመር ስስ አድርገሽ ተቀቢ። ከውጪ ብቻ። ታልክ ፓውደር አታድርጊ፤ በላብ ሲርስ ይጓጉልና ራሱ ይፍቃል።

ደረጃ 3፦ ኮርቻውና እርካቡ

ባለፈረሱን "ዝግጁ ነው?" ብለሽ ብቻ አትውጪ። አምስት ደቂቃ ውሰጂና ራስሽ እዪ። በኦሮምኛ የምታወሩ ከሆነ ኮርቻው "ኮራ" ነው።

1. የፈረሱን ጀርባ እዪ። ኮርቻውና ድብዳቡ (ከኮርቻው ስር የሚነጠፈው) ሳይጫን በእጅሽ ዳብሺ። ከሸሸ፣ ካበጠ ወይም ከቆሰለ ያን ቀን አትጋልቢ። ገጣባ ፈረስ ከህመሙ ለመሸሽ እየተጣመመ ይሄዳል፣ አንቺንም በአንድ ጎን ያስቀምጥሻል። ለሱም ግፍ ነው።
2. ኮርቻውን ከጎን ተመልከቺ። ድብዳቡ ያለ እጥፋት ይነጠፍ፣ ኮርቻው ይጫን። የመቀመጫው ዝቅተኛ ቦታ መሀል ላይ መሆን አለበት። የፊቱ ዝቅ ብሎ የኋላው ከፍ ካለ ወደ ፊት ትንሸራተቻለሽ። ብልት ላይ የሚሰማው ህመም ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።
3. በመዳፍሽ ጠርጊው። የወጣ ምስማር፣ የተቀደደ ቆዳ፣ የተቋጠረ ጠፍር ፈልጊ። የእንጨት ኮርቻ ከሆነ ግራና ቀኙን ይዘሽ ግፊው። ሲጫኑት "ቋ" የሚል ኮርቻ እንጨቱ ተሰንጥቆ ይሆናል፤ እምቢ በይ።
4. የሆድ ማሰሪያውን አረጋግጪ። ሁለት ጣት እንዲገባ ሆኖ ይጥበቅ። አንዳንድ ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋል። አምስት ደቂቃ ከተራመደ በኋላ እንደገና አጥብቂው። የላላ ኮርቻ ይንሸራተታል፣ የሚንሸራተት ኮርቻ ይልጣል።
5. እርካቡን ለኪ። ከመሬት ሆነሽ የጣትሽን ጫፍ ማሰሪያው ከኮርቻው የሚነሳበት ላይ አድርጊ፤ እርካቡ ብብትሽ ድረስ ይምጣ። ከወጣሽ በኋላ እግርሽን ከእርካቡ አውጥተሽ ልቀቂው። የእርካቡ ወለል ከቁርጭምጭሚትሽ አጥንት ጋር መገጣጠም አለበት። ማሰሪያው ጠፍር ከሆነና ቋጠሮ ከሆነ፣ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ከፊት ለፊት ቆሞ የሚያይልሽ ሰው ይኑር። እኩል ያልሆነ እርካብ አንዱን መቀመጫሽን ብቻ ይጎዳል።

ለአውራ ጣት ብቻ የተሠራ ጠባብ እርካብ ከሆነ ጫማሽን በግድ አታስገቢበት። ሰፊ እርካብ ለምኚ። ብትወድቂ እግርሽ ተይዞ መጎተት ከመላጥ የከፋ ነው።

የተጣጠፈ ጋቢ አታንጥፊ

ይህን ብዙዎች ያደርጉታል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ለስላሳና ወፍራም ነገር ላይ አጥንቱ ይሰምጣል፣ ክብደቱም ወደ ለስላሳው ሥጋሽ ይዞራል። በዚያ ላይ ጋቢው እየተንሸራተተ ይፍቅሻል። ስፖንጅ ፍራሽም ያው ነው። የሚሻለው አጎዛ ነው፤ የበግ ለምድ፣ ፀጉሩ ወደ ላይ። አራት ማዕዘኑን በገመድ ከኮርቻው ጋር እሰሪው። ካልታሰረ እንደ ጋቢው ነው።

ደረጃ 4፦ አቀማመጥ

ከመሬት ተንጠልጥለሽ አትውጪ፤ ኮርቻው ይጣመማል። ከፍ ያለ ድንጋይ ወይም እርከን ላይ ቆመሽ ውጪ። ከተቀመጥሽ በኋላ፦

1. ሁለቱን የመቀመጫ አጥንት ፈልጊ። ክብደቱ እኩል ይሁን።
2. ከኮርቻው የፊት ጉብታ ጋር ቢያንስ አራት ጣት ርቀት ይኑር። ከሌለ ኮርቻው ጠቦሻል።
3. እርካቡን በእግር ጣቶችሽ ስር ባለው ሰፊ ቦታ እርገጪ። ተረከዝሽ ዝቅ ይበል።
4. ጉልበትሽን አትቆንጥጪበት። በጉልበት መቆንጠጥ ወደ ላይ ያወጣሻል፣ ከዚያ ተመልሰሽ ኮርቻው ላይ ትወድቂያለሽ፣ እያንዳንዱ መውደቅ ምት ነው።
5. መቀመጫሽን ልቀቂ። በፍርሃት የምታኮማትሪው ጡንቻ ከኮርቻው ላይ ያነጥርሻል። በረጅሙ ተንፍሺ፤ ከትንፋሹ ጋር አብሮ ይለቃል።

አቀበት ላይ ትንሽ ወደ ፊት አዘንብዪ፣ ከመቀመጫሽም ቀለል በይ። ቁልቁለት ላይ ቀጥ በይና በእርካቡ ተደገፊ። ቁልቁለት ወደ ፊት ጉብታው ይገፋሻል፤ ህመም ከተሰማሽ ወርደሽ እየመራሽው ሂጂ። ስለዚህ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን የጅሬን አቀበት ለመጀመሪያ ቀን አትምረጪ። ለመውጣት ቢያምርም መመለሻው ቁልቁለት ነው።

*ሶምሶማ።* ገላን የሚያደቀው ይህ ነው። ፈረሱ "ጠብ፣ ጠብ" ሲል በአንዱ ብድግ፣ በሚቀጥለው ቁጭ በይ። ብድግ ስትዪ ወደ ላይ አትዝለዪ፤ ወገብሽን ትንሽ ወደ ፊት አምጪ። መጀመሪያ በእርምጃ እየሄደ ተለማመጂው። ከቻልሽ ደግሞ ሰጋር ፈረስ ወይም ሰጋር በቅሎ ጠይቂ። ስግር የሚሄድ እንስሳ አያነጥርም። ለመጀመሪያ ወር ከሱ የሚሻል የለም።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ግልቢያዎች

በመሀል ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እረፊ። በሳምንት ከሦስት አትብለጪ።

1. 15 ደቂቃ። ሜዳ ላይ፣ እርምጃ ብቻ። ደስ ቢልሽም ውረጂ።
2. 20 ደቂቃ፣ እርምጃ። በየአምስት ደቂቃው እርካቡ ላይ ለአሥር ሰከንድ ቁሚ፤ ደም ይዘዋወራል።
3. 30 ደቂቃ። በመሀል ወርደሽ አምስት ደቂቃ በእግር ሂጂ።
4. 30 ደቂቃ፣ በውስጡ አንድ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ሦስት ጊዜ።
5. 45 ደቂቃ፣ ትንሽ ዳገት ያለበት።
6. አንድ ሰዓት።

የጡንቻ ህመም ብቻ ካለ ወደ ሚቀጥለው እለፊ። ቆዳ ካቃጠለሽ አቁሚ፤ ከዳነ በኋላ ካቆምሽበት አንድ ግልቢያ ዝቅ ብለሽ ጀምሪ። ግልቢያ አትዝለይ። እኔን የጎዳኝ ከመጀመሪያው ወደ ስድስተኛው መዝለሌ ነው።

የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ከሰኔ እስከ መስከረም በተለይ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ደረቅ ታይትና የውስጥ ሱሪ ያዢ። ታይትሽ ከረጠበ ግልቢያው አልቋል። እርጥብ ቆዳ ከደረቅ ቆዳ በጣም ቶሎ ይላጣል። የረጠበ ኮርቻ ላይም "ይደርቃል" ብለሽ አትቀመጪ።

ደረጃ 6፦ ከወረድሽ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሰዓት

1. አምስት ደቂቃ በእግር ተራመጂ። ወዲያው ባጃጅ ውስጥ አትቀመጪ።
2. ሽንትሽን ሽኚ፣ ውሃ ጠጪ።
3. የረጠበውን ልብስ ቀይሪ። ቤት እስክትደርሺ አትጠብቂ።
4. ለብ ባለ ንጹህ ውሃ ታጠቢ። ብልትሽን ከውጪ ብቻ፣ ያለ ሽታ ሳሙና። አትፈግፍጊ። በፎጣ ንኪ ንኪ አድርገሽ አድርቂ።
5. በመስታወት እዪ። አታፍሪ፤ የገዛ ገላሽ ነው። የቀላ፣ የተላጠ፣ ውሃ የቋጠረ ካለ ዛሬ ካወቅሽው በቶሎ ይድናል።

ነገሩ ከተበላሸ

*ጡንቻ ከተያዘ።* አትተኚ፤ በቀስታ ተንቀሳቀሺ። ሞቅ ያለ ውሃ ይረዳል። ፓራሲታሞል እንደ ማሸጊያው መመሪያ መውሰድ ይቻላል። አይቡፕሮፌን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ላለባት አይሆንም።

*ካበጠ ወይም አጥንቱ ከተመታ።* በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዢ። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጊ። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጊዜ ድገሚ።

*ከተላጠ።* ፈልቶ በበረደ ውሃ እጠቢ፣ አድርቂ፣ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ቅባት ስስ አድርጊ። ሰፊ የጥጥ ልብስ ልበሺ፤ ማታ ያለ ውስጥ ሱሪ ተኚ። አልኮል፣ ያልቀጠነ ዲቶል፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት አታድርጊ። ለኔ አንድ ሰው በመከረኝ መሠረት አልኮል አድርጌ ሌሊቱን ሙሉ አልቅሻለሁ፤ የሚድነውም ቆዳ ተቃጠለ። ለሁሉም ነገር የሚሸጡትን ስቴሮይድ ያለባቸውን ቅባቶችም ያለ ሐኪም አትቀቢ። ቆዳው ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ኮርቻ የለም።

*ሽንት ሲነካው ካቃጠለ።* እየሸናሽ ለብ ያለ ውሃ በላዩ አፍስሺ። የሚያቃጥለው የተላጠው ቦታ ብቻ ከሆነ ቆዳው ሲድን ይለቃል። ከውስጥ ካቃጠለ፣ ቶሎ ቶሎ ካስኬደሽ፣ ከእምብርት በታች ካመመሽ ግን የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ተመርመሪ።

*ውሃ ከቋጠረ።* አታፍርጪው። ከፈረጠ እንደ ተላጠ ቆዳ ያዢው።

*ብጉንጅ ከወጣ።* አትጭመቂ። በሙቅ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዢበት። ካደገ ወይም በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

*ፈረስ ላይ ሳለሽ ከደነዘዘ።* ነርቭ ወይም ደም ስር ተጭኗል። ወዲያው እርካቡ ላይ ቁሚ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ካልመለሰ ውረጂ። አትቀጥዪ።

ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ የምትሄጂባቸው

ሽንትሽ ላይ ደም ካየሽ፣ መሽናት ካቃተሽ፣ ድንዛዜው ለሰዓታት ከቆየ፣ እግርሽ ከደከመ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ከወደቅሽ በኋላ ብልትሽ አካባቢ እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ አትጠብቂ። ሴት ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ መጠየቅ መብትሽ ነው። "ፈረስ ጋልቤ ነው" ብለሽ በግልጽ ተናገሪ። ይህን ካልነገርሻቸው ሌላ ምክንያት ሲፈልጉ ቀን ይሄዳል።

እንደገና ከመውጣትሽ በፊት

ታይቱን ልበሺ። ደረቅ አግዳሚ ላይ አሥር ደቂቃ ተቀመጪ፣ ወገብሽን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዢ። ካላቃጠለሽ፣ ካልወጋሽ፣ በማግስቱም የቀላ ነገር ከሌለ ውጪ፤ ካቆምሽበት አንድ ግልቢያ ዝቅ ብለሽ ጀምሪ። ካቃጠለሽ ሁለት ቀን ጨምሪና እንደገና ሞክሪ። እስከዚያ ፈረሱን ማበጠርና እየመራሽ ሜዳ ማዞር ትችያለሽ።